መስመሩን ሻለቃ አልነው

መስከረም 28

ለምወድህ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ድንበሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። አንተን፣ ባለቤትህንና ልጆችህን አምላክ ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ ላይ ሌላ ምን ይጻፋል?

በስልክ የማልደውልልህ ተቀይሜህ አይደለም። ትንሿ ልጄ ከባሏ ሸሽታ ወደ እኔ የመጣች ጊዜ አንጀቴ አልችል ብሎኝ ለአንዲት ዘመዳችን በስልክ ነገርኳት። ዘመዳችን ለእህቷ፣ እህቷ ለጎረቤቷ፣ እንዲህ እያለ ወሬው ሹፌሩ ጆሮ ገባ። ሹፌሩ የምልህ አማቻችን ነው፤ ከእንግዲህ አማች ብዬ አልጠራውም። መጥቶ በሩን ገንጥሎ ገባና የልጄን ክንድ እፊቴ ሰበረው። ሲወጣ ዞር ብሎ "ሁለተኛ ከጠፋሽ የትም ሆነሽ አገኝሻለሁ፤ ያኔ ክንድ አይደለም የምሰብረው" አላት። ጮክ ብሎ እንኳ አልተናገረም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን "የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ቤታችሁ ጨርሱት" ተባልን።

ስለዚህ አንተ ያደግህበትን ቤት ጥለን ወጣን። አሁን ያለነው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከግቢያቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይተውናል። የት እንዳለን ከመምህሩና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። መልስህን በእሳቸው ፖስታ ሣጥን ላክልኝ። ለባለቤትህም አትንገራት፤ ቂም ይዤ አይደለም፣ አፍ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ ስለሌለው ነው።

የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ትንሿ ከቤት ሳትወጣ የምትሠራው ሥራ አግኝታለች። በድምፅ የተቀዳ ስብሰባ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ለዚህ ኢንተርኔት ያስፈልጋታል። መምህሩ ቤት መስመር አለ፣ "ተካፈሉኝ፣ እኔ ምን እሠራበታለሁ" ብለውናል፤ ግን እኛ ክፍል አይደርስም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ክር እንጂ ኬብል አላውቅም። አንተን ደግሞ ሽቦ ብለን የሰየምንህ በከንቱ አይደለም፤ የስፌት መኪናዬን ሞተር ፈታተህ ስትገጥመው የቀረችህን ብሎን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እንዴት አድርገን እንደምንስበው ጻፍልኝ።

ቤታችሁ ሰፊ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንዲያው ነው የጠየቅሁት።

አክስትህ


ጥቅምት 20

ለእናቴ ምትክ ለሆንሽው አክስቴ፣

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ መሰላል ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስለ ክንዷ ያልሽው ጋ ስደርስ ወረድኩ። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ አላወቅሁም፤ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ የመምህሩ ራውተር የት እንደተቀመጠ እዪ። ፍሪጅ ጀርባ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ አውጥታችሁ ወደ እናንተ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ አድርጉት። ከእሱ ጀርባ አንድ ኬብል ሰክታችሁ ግቢውን አሻግራችሁ ወደ ክፍላችሁ ሳቡ። ኬብሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ አለዚያ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። እናንተ ጋ ሲደርስ ጫፉ የሚሰካው ዛሬ በፖስታ የላክሁልሽ ትንሿ ሣጥን ላይ ነው። እሷ ዋይፋዩን በክፍላችሁ ውስጥ ታከፋፍላለች።

ለሁለቱም ሣጥኖች አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ስጧቸው። የድሮ ቤታችንን አድርጉት፤ ስሙ ሻለቃ፣ ቃሉም ያው የምታውቁት። የአንቺ ስልክም የትንሿ ኮምፒውተርም የለመዱት ስለሆነ ምንም ሳትነካኩ ራሳቸው ይገባሉ፤ አዲስ ቃል ልሸምድድ ብለሽ አትቸገሪም። እኔም እዚህ ቤቴ ያለውን ሻለቃ ነው ያልኩት፣ ቃሉም ያው ነው። ሰዎች ምን ማለት ነው ሲሉኝ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲያባርር፣ ዶሮ ሌባውን ግን ጅራቱን እየቆላ የሸኘ ውሻ ነበረን እላቸዋለሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት በእኛ ሻለቃ ላይ አልሠራም።

ስለ ቤቱ ስፋት የጠየቅሽኝ፣ ነገሮች ሲደላደሉ እንነጋገርበታለን። ልጆቹ አድገዋል፣ ክፍሎቹም እንደሚወራው አይደሉም። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ልጅሽ ሽቦ


ኅዳር 14

ለብልሁ ልጄ፣

እጅህ ይባረክ፤ ያየኸው ይቅናህ፣ የነካኸው ይሥራልህ። መስመሩ ገባ!

መምህሩ በዚህ ዕድሜያቸው መሰላል ወጥተው ኬብሉን በልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ አሳለፉት። እኔ ከታች ቱቦውን ይዤ "ይውረዱ፣ ይብቃዎ" እላለሁ፣ እሳቸው "አርባ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ሰው ነኝ፣ መሰላል አይጥለኝም" ይላሉ። የእሳቸው ራውተር እውነትም ፍሪጅ ጀርባ ነበረ፤ ድመቷ ሙቀቱን ወዳ ስትተኛበት ኖራለች። እሷ ብቻ ናት በዚህ ሥራ የተከፋችው።

እንዳልከው ሁለቱንም ሻለቃ አልናቸው። ስሙን ስጽፈው ሳቅሁ። ትንሿ ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ወዲያው ገባ። ስንት ጊዜ ሆኗት ጥርሷን ካየሁት! ከዚያ አንተን በምስል አየንህ። ከስተሃል፣ እዋሽሃለሁ እንዴ? ባለቤትህ ከኋላህ ስታልፍ አየኋት። ሰላም ልላት እጄን አነሳሁ፤ ሳታየኝ ቀርታ ነው መሰለኝ።

አሁን ትንሿ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ያ የጆሮ ማዳመጫ ጆሮዋን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ስጠራት አትሰማም፤ በር ቢንኳኳ አትሰማም። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን በር በሩን ወደሚያሳየው መስኮት አዙሬዋለሁ፤ ለሁለታችንም የምሰማው እኔ ነኝ። ትከሻዋን ስነካት ደንግጣ ክንዷን ወደ ፊቷ ታነሳለች፤ እኔ መሆኔን ስታይ ይቅርታ ትለኛለች። ይቅርታ እኮ ነው የምትለኝ፣ ልጄ።

ነገሮች ሲደላደሉ ብለሃል። እሺ፣ ይደላደሉ።

አክስትህ


ኅዳር 30

ለውድ አክስቴ፣

ለአንቺም፣ ለትንሿም፣ ለመምህሩም ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። አጭር ነው የምጽፈው፣ ሥራ በዝቶብኛል።

ባለቤቴ ያላነጋገረችሽ ሳታይሽ ቀርታ ነው፤ ሌላ አይምሰልሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የሣጥኑን ገጽ ስልክሽ ላይ ስትከፍቺ፣ በዚያ ሰዓት መስመሩ ላይ ያሉትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ስም ያሳይሻል። አልፎ አልፎ እይው። ጎረቤት ቃሉን አግኝቶ እየተጠቀመ ከሆነ መስመሩ ይዘገያል፣ የትንሿ ሥራ ይበላሻል። የማታውቂው ስም ካየሽ ጻፊልኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 18

ለምወድህ ልጄ፣

ጤናህን፣ የቤትህን ሰላም እመኛለሁ። የእኔን አትጠይቀኝ።

እይው ያልከኝን አየሁት። የመምህሩ ስልክ አለ። የእኔ አለ። የትንሿ ኮምፒውተርና ያ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳ አሉ። ከእነዚህ ሌላ አንድ አለ፤ "አለኝታዬ" ይላል።

መጀመሪያ መምህሩ አዲስ ስልክ የገዙ መስሎኝ ቀለድኩባቸው። "እኔ ስልክ መክፈትና መዝጋት ነው የማውቀው፣ አለኝታ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ከየት አመጣለሁ?" አሉኝ። ቃሉን ለማንም አልሰጡም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ስልኩ ሁልጊዜ አይኖርም። ምሳ ሰዓት አካባቢ ብቅ ይላል፣ ይቆያል፣ ይጠፋል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሱቅ አለ፣ እዚያ የሚቀመጡ ሰዎች ይኖራሉ፣ ከእነሱ የአንዱ ይሆናል አልኩ። ግን ቃሉን ከየት አመጣው? ቃሉ እኮ የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ከእኛ ሌላ ማን ያውቀዋል?

ለትንሿ አልነገርኳትም። ክንዷ ብርድ ሲሆን ገና ይጠዘጥዛታል፤ በዚያ ላይ ጭንቀት ልጨምርባት? ትናንት ሣጥኑን ከሶኬቱ ነቀልኩትና "ተበላሸ" አልኳት። አየችኝና ማዳመጫዋን ጠቀለለች።

ፈርቻለሁ፣ ሽቦዬ። ደፋር ነሽ ይሉኝ ነበር ድሮ፤ አሁን የበሩ መወርወሪያ ሲንቀሳቀስ ስፌቱን አቁሜ አዳምጣለሁ። መልስህ እስኪመጣ አልሰካውም። ይህ የማን ስልክ እንደሆነ ካወቅህ ቶሎ ንገረኝ። ካላወቅህም አላወቅሁም በለኝ፤ ዝም ብቻ አትበለኝ።

አክስትህ


ጥር 2

አክስቴ፣

ሰላምታውን ተዪው። ስልኩ የእሱ ነው።

ያንን ስልክ ለሠርጋቸው የላክሁላቸው እኔ ነኝ። ትንሿ ያኔ "ስትልክለት ስሙን አለኝታዬ ብለህ ጻፍበት፣ ሲከፍተው ይየው" አለችኝ። በራሴ ጣት ነው የጻፍኩት።

የገባውም በእኔ ምክር ነው። ስልክ አንዴ የገባበትን መስመር ስሙንና ቃሉን አይረሳም። ያ ሰው አማች በነበረ ጊዜ ሶፋችን ላይ ተጋድሞ ስንት ቀን ሻለቃን ተጠቅሟል! እሱ መጠጥ አከፋፋይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ጠርሙስ ጭኖ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። በእናንተ ሰፈር ሲያልፍ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ሻለቃን አገኘና ሳይጠይቅ ገባ። እሱም ስልኩን ሲያወጣ ስሙን አየው። በዚህ ከተማ ሻለቃ የሚል ሌላ ቤት እንደሌለ ያውቃል። እናንተ ከሰው ሁሉ ተሰውራችሁ ነበር፤ እኔ አዲስ ቃል እንዳትሸመድዱ ብዬ ስማችሁን በር ላይ ለጠፍኩባችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ደወልኩ። ስልክሽ ዝግ ነው። የትንሿ ኮምፒውተር ላይ ደወልኩ፣ መስመር የለም፣ ነቅለሽዋልና። አሁን ደግሞ ብትሰኪውም በዚያ መስመር ልደውል እፈራለሁ። ከእሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ናችሁ። የምናወራውን ሊሰማ አይችልም ብዬ አስባለሁ፤ ግን "አስባለሁ" ብዬ አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ።

ሣጥኑን አትስኪው። ከሰካሽውም ስሙንም ቃሉንም ቀይሪ። ከዚያ ቤት ውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ስለ ቤቱ ስትጠይቂኝ የሸሸሁት ባለቤቴን ፈርቼ አይደለም፤ እሷ ምንም አታውቅም። እኔው ነኝ የፈራሁት። ተከትሏት እኔ ቤት፣ ልጆቼ ላይ እንዳይመጣ ፈራሁ። አሁን እሱን ወደ እሷ የመራሁት እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ። እባክሽ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እዚያ አትሁኑ።

ሽቦ


ጥር 19

ለልጄ፣

አምላክ ልብህን ያረጋጋልህ፤ የእኔንም አብሮ።

ደብዳቤህ ሲደርስ ሣጥኑን ሰክቼው ነበር። ምን ላድርግ? የትንሿ አሠሪዎች "ሥራውን በዚህ ሳምንት ካላስረከብሽ ሌላ ሰው እንይዛለን" አሏት። ይኸው ሰካሁት፤ በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት አለኝታዬ መጣ። ያኔ ማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ግን ከመንገዱ የጠርሙስ ድምፅ ሰማሁ። ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ታውቀዋለህ። ከሱቁ ፊት የቆመው መኪና ድምፅ ነው። በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ፤ ሹፌሩ ጥላ ሥር ቆሞ ዳቦ ይበላል፣ ስልኩን ያያል፣ ቀና ብሎ በራችንን ያያል። መርፌው ጣቴን ወግቶት ደሜ የሰው ቀሚስ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልሰማኝም።

ደብዳቤህን ይዤ ወደ ትንሿ ገባሁ። እንዴት እንደምነግራት ሳስብ፣ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ነው ያደረገችው። ሌላኛው ክፍት ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጊው?" አልኳት።

"ከኅዳር።"

"ታውቂ ነበር?"

"ገጹን እኔም አያለሁ፤ ስሙን እኮ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ። አንቺን እንዳላስደነግጥ ብዬ ነው።"

እኔ እሷን እንዳላስደነግጥ፣ እሷ እኔን እንዳታስደነግጥ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ለየብቻው ሲፈራ ከረመ። ተቃቅፈን አለቀስን። ቀስ ብለን ግን፤ ድምፅ ይሰማል ብለን።

አሁን ስማኝ። ስሙን ቀይሪ ብለሃል። አልቀይረውም። እንዳየነው አያውቅም። ሣጥኑን ነቅዬ ሳለሁ የመምህሩ ሻለቃ አልጠፋበትም፤ ሁለቱም ድንገት ከስልኩ ላይ ቢጠፉ ግን ያውቃል፣ ያን ቀን በሩን ይገነጥለዋል። ደግሞ አስበው፤ ስልኩ ሣጥኑ ላይ ሲታይ እሱ በር ላይ ነው፣ ሲጠፋ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል። እኔ ደግሞ በመስኮት ሳልታይ አየዋለሁ። በአንድ ሌባ ላይ እንኳ ጮኾ የማያውቅ ውሻ ይኸው አሁን መጮህ ጀመረልኝ።

ለምን እስካሁን አልገባም ትል ይሆናል። እኔም እሱን ነው ሌት ተቀን የማስበው። መምህሩ አሉ፣ ሱቁ አለ፣ ቀን ነው፣ ሰው ያያል። ብቻዋን የምትወጣበትን ቀን እየጠበቀ ነው። ትዕግሥቱ ነው የሚያስፈራኝ፤ ቁጡ ሰው ሲታገሥ አይቼ አላውቅም።

ከአንተ ሣጥን አልፈልግም፣ ምክር አልፈልግም። ትንሿን ተቀበልልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። በዚህ መስመርም አትደውልብን።

አክስትህ


ጥር 30

ለአክስቴ፣ ለእናቴ፣

አምላክ ይህን ወረቀት በሰላም ያድርስልኝ፤ እናንተንም እስከዚያ ያቆይልኝ።

የጥሪ ወረቀቱ አብሮ አለ። ድንበሩ ላይ ይህንና ፓስፖርቷን ታሳያለች፣ ሌላ አይጠይቋትም። አውቶቡሱ እዚህ ዋናው መናኸሪያ ድረስ ያመጣታል፤ ከዚያ ታክሲ። አድራሻዬን በቃሏ ትያዘው፣ ወረቀት ላይ አትጻፈው።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?" አለችኝ። ያን ቀን በምስል ስናወራ እውነትም አላየችሽም፤ አሁን ስታስበው ታለቅሳለች። የልጆቹን ክፍል አስለቅቃ ሁለት አልጋ ዘርግታለች። ሁለት ነው ያልኩሽ። የጥሪ ወረቀቱም ላይ የሁለታችሁም ስም አለ። አብረሽ ነይ። እኔም እፈራለሁ፣ በሩን ሁለት ጊዜ መቆለፍ ጀምሬአለሁ፤ ግን እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ ብፈራ ይሻለኛል።

ስትነሱ በምንም መንገድ አትንገሩኝ። በራፌ ላይ ልያችሁ።

ልጅሽ ሽቦ


የካቲት 16

ለምወድህ ልጄ፣

ይህን ወረቀት የምትሰጥህ ትንሿ ራሷ ከሆነች አምላክ ይመስገን። ባለቤትህን ጉልበቷን ሳሚልኝ ብያታለሁ፤ ትስምልኛለች።

እኔ ያልመጣሁት እምቢተኛ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ በሩን አንኳኳ። ሲያንኳኳም በቀስታ ነው። መምህሩ ሳይከፍቱ "ማን ነው?" አሉ። "ውሃ ይስጡኝ አባባ፣ ሞተሩ ሞቆብኝ ነው" አለ። ውሃ በቧንቧው በኩል አለ አሉት። ከዚያ፣ እኔ እንደምሰማው እያወቀ፣ "የስፌት መኪና ድምፅ እሰማለሁ። ደስ ይላል፤ አውቀዋለሁ ይህን ድምፅ" አለና ሄደ።

ያኔ ገባኝ። ቤቱን የሚያዳምጠው በስፌት መኪናዬ ነው። እኔ ከሰፋሁ ሁለታችንም አለን ማለት ነው። ሁለታችንም ብንወጣ ቤቱ ዝም ይላል፤ ቤቱ ዝም ካለ ወደ መናኸሪያ ነው የሚነዳው፤ መንገዱን ሁሉ ያውቃል፣ ሥራው ነው። አውቶቡስ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መስፋት አለበት።

ዛሬ ስልኩ ከሣጥኑ ላይ እስኪጠፋ ጠበቅን። ትንሿ ኮቷን ለብሳ፣ ኮምፒውተሯን በፌስታል ይዛ ቆማለች፤ እኔ ስልኬን አያለሁ። "አለ" እላታለሁ። "አሁንም አለ።" ጠፋ። መምህሩ በጓሮው በር ያስወጧታል፤ እስከ አውቶቡሱ ሸኝተዋት ይመለሳሉ። ይህን እየጻፍኩ እያየችኝ ነው፣ "ጨርሺ እማዬ፣ ይመጣል" ትላለች።

ሻለቃን አልነቅለውም። አሮጌ ስልኳን አብርቼ ትቼዋለሁ፣ ዘፈን ይዘፍንበታል። ቀሚሷን ገመዱ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ነገ ሌላዋን አሰጣለሁ። መድረሷን በወረቀት ጻፍልኝ። ያኔ ነቅዬ እከተላታለሁ። በስልኩ ብትደውል አላነሳም፤ ድምፄን ሰምቶ ብቻዬን መሆኔን ቢያውቅስ? ሞኝነት ነው ትል ይሆናል። ይሁን። የፈራ ሰው ብልህ አይሆንም።

አልጋ ዘርግታለች ስላልከኝ ባለቤትህን አመስግንልኝ። እንዳይታጠፍ በላት።

አክስትህ


የካቲት 19

አክስቴ፣

ደርሳለች። ደርሳለች። ደርሳለች።

ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ቤት ነበርኩ። ሰሞኑን የራሴን ሣጥን ገጽ ከፍቼ ማየት ልማድ ሆኖብኛል፤ እሱ እዚህ እንዳይታይ። ምሳ ሰዓት ላይ አዲስ ስም ብቅ አለ። ቀረብ ብዬ ሳነበው የትንሿ ኮምፒውተር ነው። ጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ሙዚቃ እየሰማች፣ ኮምፒውተሯን ከፍታ እንደያዘች ከታክሲ ወርዳ፣ ደረጃው ሥር ስለ አድራሻው እርግጠኛ ሳትሆን ቆማለች። ሳታንኳኳ በሩን ከፈትኩላት። ባለቤቴ በባዶ እግሯ ሮጣ ወረደች። ሁለቱንም ጆሮዋን ደፍና ነበር የመጣችው፣ አክስቴ። ሁለቱንም።

በልታለች። ተኝታለች። አልጋሽ አልታጠፈም።

እንዳትደውል ብለሽኛል፤ ግን ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ መጠበቅ አልቻልኩም። አሮጌ ስልኳ ላይ ደወልኩ። ይጠራል። ሻለቃ አሁንም እዚያ በርቷል ማለት ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳሽም። ደግሜ ደወልኩ። ትንሿ ነቅታ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ "አላነሳም ስላለች ነው" አልኳት። "አዎ፣ አላነሳም ብላለች" አለችኝ። ሁለታችንም ደጋግመን እንዲህ ተባባልን።

አሁን በቃሽ። ደርሳለች፤ ከእንግዲህ መንገድ ላይ የሚይዛት ሰው የለም። ስፌቱን አቁሚ። ቀሚሷን ከገመዱ ላይ አታውርጂ፣ እዚያው ይቅር። ሣጥኑን ነቅለሽ በጓሮው ውጪ፣ መምህሩንም ይዘሽ ውጪ። መልስ አትጻፊልኝ። መልስ አልጠብቅም፣ አንቺን ነው የምጠብቀው። ትንሿና እኔ እየተፈራረቅን ገጹን እያየን ነው፤ አንዳችን ስንበላ አንዳችን እናያለን።

አድራሻው ቢጠፋብሽ እንኳ አትፍሪ። ስልክሽን ብቻ አብርተሽ ነይ። ሻለቃ እዚህም አለ፤ አንቺን ያውቅሻል።

ልጅሽ ሽቦ